ዲቦራ ገልገሎና የመስታወቱ ክር

ዲቦራ ገልገሎ ምን እንደምትሠራ ነገሌ ቦረና ላይ ብትጠይቁ መልሱ እንደ ሰፈሩ ይለያያል። እናቷ ወይዘሮ አስቻለች «አዳማ ናት፣ ኮምፒዩተር ላይ» ይሏችኋል። የባጃጅ ልጆች «ቴሌ አይደለችም እንዴ?» ይላሉ፤ ድሮ በየመንገዱ ገመድ ስትዘረጋ ስላዩዋት። አያቷ ኩራ ግን፣ ፊደል ያልቆጠሩት ሽማግሌ፣ «ክር ውስጥ ትጽፋለች» ነው የሚሉት። እኔ በዚህ ከተማ ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ከዚህ የተሻለ መልስ ሰምቼም አላውቅ፣ ለራሴም መጥቶልኝ አያውቅም። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ስሜ ወንዶሰን ነው። አባቴ ከጎንደር በጸሐፊነት ተመድበው መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ እኔም አስተማሪ ሆኜ እዚሁ ቀረሁ። ተማሪዎቼ «ቲቸር» ይሉኛል፤ አግብተው ወልደው የራሳቸውን ልጆች ሊያስመዘግቡ ሲመጡም ያው ቲቸር ነኝ። ቁጡ ነው ብለው ያሙኛል፤ እውነታቸውን ነው። ይህን የምጽፈው ግን ተቆጥቼ አይደለም። የ2015ቷ የመጋቢት ሳምንት እንደ ሕልም ዓይኔ ላይ ቀርታ አልጠፋ ስላለችኝ ነው።

ዲቦራን ያወቅኋት በ1999 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምራት ነው። አባቷ ገልገሎ የክሊኒክ ድሬሰር ነበር፤ በኋላ ወደ ሜጋ ከተማ ተዛወረ። የክፍላችን ጣራ ቆርቆሮ ከፈረሰ መጋዘን የመጣ ስለሆነ የድሮው ምስማር ቀዳዳ ሞልቶበታል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በቀዳዳዎቹ ስትገባ ከጣራ እስከ ወለል ቀጫጭን የብርሃን ዘንጎች ይተከላሉ፤ አቧራው በውስጣቸው ቀስ እያለ ይዋኛል። ተማሪው ሁሉ በዘንጎቹ መካከል ተቀምጦ ሲያንቀላፋ እሷ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አቧራ ባይኖር ይህ ብርሃን አይታይም ነበር?»

«አይታይም።»

«ታዲያ የማናየው ስንት ብርሃን በአጠገባችን እያለፈ ነው?»

«ተቀመጪ!» አልኳት። የተቆጣሁት መልሱን ስለማላውቅ ነበር። ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ምሳዬን እየበላሁ ስንት ብርሃን እያለፈብኝ እንደሆነ ሳስብ ወጡ በረደ።

ኤሌክትሮኒክስ ተምራ ዲፕሎማዋን ስትይዝ፣ ገመድ በፊልቱ በኩል ወደ ዶሎ ኦዶ ከሚዘረጋ ኮንትራክተር ጋር ተቀጠረች። ሥራዋ ማጋጠም ነበር፤ ሁለት የመስታወት ክር ጫፍ ለጫፍ ገጥማ በእሳት ብልጭታ ታያይዛለች። በመንገድ ዳር በሸራ ድንኳን ውስጥ፣ ነፋሱ አሸዋ እየበተነ፣ ግመሎች አንገታቸውን አስግገው እያዩዋት። «ድንኳኑ ውስጥ ስቀመጥ ትንፋሼ ራሱ ንፋስ ይሆንብኛል» ብላኝ ነበር። ትንፋሽ ይዞ መሥራትን እዚያ ለመደች።

ከዚያ አዳማ ያለ አንድ የሌዘር ላብራቶሪ ቴክኒሻን እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። የላብራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ሚልኬሳ ከመጡት ሁሉ ዲግሪ ሳይሆን ጣት ነው ያየው። አንዲት ክር ሰጥቶ «ሳትሰብሪ ልባሷን ግፈፊ» አላት። ገፈፈች፤ ተቀጠረች።

የአዳማው ክር የቴሌው ዓይነት አይደለም። የቴሌው ከአሸዋ የሚሠራ ጠንካራ መስታወት ነው። ዲቦራ የምትሠራበት ብርሃን ግን ከቀይ ወዲያ ርቆ ያለው፣ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ነው፤ ይህን የአሸዋው መስታወት ውጦ ያስቀረዋል። እሱን የሚያሳልፈው ከፍሎራይድ የሚሠራ ለስላሳ መስታወት ነው፤ ለስላሳው ደግሞ ውሃ ይፈራል። እርጥበት ሲነካው ይደበዝዛል፣ ቆይቶም ይሰነጠቃል።

ሥራዋን እንዲህ አስረዳችኝ። ከክሩ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል የፕላስቲክ ልባሱን ትገፍፋለች፤ እርቃኑን የቀረውን፣ ከፀጉር ብዙም የማይወፍረውን መስታወት ከአጉሊ መነጽር ሥር ትወጥረዋለች። ሞተር ክሩን ቀስ አድርጎ ይጎትታል፤ ከላይ ሌላ ሌዘር ብልጭ፣ ብልጭ ይላል። ብልጭ ባለ ቁጥር በክሩ እምብርት ውስጥ አንዲት ጭረት ትቀራለች። ላዩ አይነካም፤ ጭረቷ ያለችው ውስጡ ነው። እንዲህ እየተባለ በአንድ ጣት ስፋት ውስጥ ከአስር ሺህ በላይ ጭረት ይሰፍራል፣ ሁሉም እኩል ተራርቆ። ይህን ፍርግርግ ይሉታል።

እያንዳንዷ ጭረት ከሚያልፈው ብርሃን ኢምንት ትመልሳለች። አስሩ ሺህ አብረው ሲመልሱ ግን፣ ከጭረቶቹ ርቀት ጋር የሚስማማው አንድ ቀለም ብቻ ተመልሶ ወደ መጣበት ይዞራል፤ ሌላው ሁሉ ያልፋል። ሌዘሩ በዚያ በአንዱ ቀለም ጸንቶ ይቆማል። ጭረቶቹ ትንሽ ቢዛነፉ ግን የሚመለስ ነገር የለም፤ ክሩ ይጣላል።

ተጣለም። ከውጭ አገር የመጣው ሃያ ሜትር ክር በሦስት ዓመት ውስጥ አለቀ። አንዳንዱ ተሰበረ፣ አንዳንዱ በክረምት እርጥበት ደበዘዘ፣ አንዱ እሷ ባስነጠሰችበት ቀን ሄደ። በመጨረሻ አንድ ደህና ፍርግርግ ብቻ ቀረ። ዶክተር ሚልኬሳ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ቁርጡን ነገራት። «ይህች ከላብራቶሪ ወጥታ በሙቀትና በአቧራ መሐል ሰባት ቀን ሳታቋርጥ ከሠራች ሥራው ይቀጥላል። ካልሠራች ክፍሉ ለሌላ ይሰጣል፤ አንቺንም ሌላ ቦታ እንመድብሻለን። ሌላ ክር አይገዛልንም።»

የፍርግርጓ ቀለም የተመረጠው ውሃ አጥብቆ የሚወደው ሆኖ ነው። አየር ላይ ያለ እንፋሎት ያን ብርሃን ይውጠዋል፤ ስለዚህ ከተላከው ስንት እንደተመለሰ ያየ ሰው አየሩ ስንት እርጥበት እንደያዘ ያውቃል። አየሩ የደረቀ እንደሆነ ብርሃኑ ሩቅ ይሄዳል። በዚያን ሰሞን ደግሞ ከነገሌ የደረቀ አገር የት ይገኛል? አምስት ወቅት በተከታታይ ዝናብ ቀርቶብን ነበር። የከብት አጥንት በየመንገዱ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ አየሩ ከንፈር ይሰነጥቃል። ዲቦራ «ወደ ቤቴ ልውሰደው» ብላ ጠየቀች፤ ተፈቀደላት።

በመጋቢት መጀመሪያ በሻኪሶ በኩል መጣች። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲዘል ሁለት ነገር ተሰበረባት፤ ከሁለቱ የብርሃን መቀበያዎች አንዱ፣ ብርሃኑን ገና ከመሣሪያው ሲወጣ የሚለካው፣ እና የመሣሪያው ሳጥን ክዳን። ፍርግርጓ በቀጭን የብረት ቱቦ ውስጥ በሙጫ ታሽጋ ስለነበር ተረፈች። ለክዳኑ የጫማ ካርቶን ቆርጠን ገጠምን። ዲቦራ ከየጫማ ቤቱ እርጥበት የሚመጥጡትን ትንንሽ ከረጢቶች ለምና ሰብስባ ሳጥኑ ውስጥ ደረደረች። ባለሱቆቹ ጤንነቷን ተጠራጠሩ።

ቦታ የሰጠኋት ያንኑ የድሮ ክፍሌን ነው፤ ትምህርት ቤቱ አዲስ ሕንፃ ካገኘ ወዲህ የዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ነበር። መሣሪያውን በመስኮቱ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ አቆምን፤ ኃይሉን ከሶላርና ከመኪና ባትሪ አገኘን። ማንጸባረቂያውን ደግሞ መቶ ሃምሳ ሜትር ርቆ በደረቀው የውሃ ታንከር መሠረት ላይ ተከልነው። ብርሃኑ በመስኮት ወጥቶ ማንጸባረቂያውን ነክቶ ይመለሳል፤ የተመለሰው መጠን ኮምፒዩተሩ ላይ እንደ መስመር ይሳላል። እንዲህ ሰባት ቀን።

የኔ ሥራ ማንጸባረቂያውን ከፍየል መጠበቅ ነበር። በሃምሳ ሰባት ዓመቴ የፍየል ዘበኛ ሆንኩ! ከአንዲት ግራር ጥላ ሥር ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ ምንም የሌለበትን ሜዳ አያለሁ። ጀሪካን ያዘሉ ሴቶች በብርሃኑ መሐል ያልፋሉ፤ አያውቁም። ፍየሎች ያልፋሉ፤ አቧራ ይነሳል፤ የቀትሩ ወላፈን ቤቶቹን እንደ ውሃ ያወዛውዛቸዋል። ያን ጊዜ የ1999ኙ ጥያቄ ይመጣብኛል። ያ የማናየው ብርሃን ይኸው አጠገቤ ነው፣ ጉልበቴን እያለፈ ይሄዳል። አንዳንዴ እጄን ወደፊት ዘርግቼ መልሼ እሰበስባለሁ። ክፍሉ ውስጥ ያለችው ዲቦራ መስመሩ ሲጎድል አይታ «ቲቸር፣ እጅዎን!» ብላ ትጮኻለች።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ይዛልኝ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከቤተ ክርስቲያን የምሕላ ድምፅ ይሰማል፤ በመስጊድም ስለ ዝናብ ይጸለያል፤ ሽማግሌዎች ከከተማው ዳር ከዛፉ ሥር ተሰብስበው ዋቃን፣ ፈጣሪን፣ ይለምናሉ።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ለማንም እንዳይነግሩብኝ» አለች። «ሁሉም ዝናብ ሲለምን እኔ አራት ቀን ብቻ ይዘግይ እያልኩ ነው። አካኮ ሦስት ላም ነው የቀራቸው። እሱን እያወቅሁ ነው እንዲህ የምለምነው።»

አካኮ የምትለው አያቷን ኩራን ነው። «ብዪ፣ ብዪ፤ የአንቺን ቀድሞ አይሰማም» አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔም ከዚያ በኋላ ሰማይ ባየሁ ቁጥር የየትኛውን ጸሎት እንደምደግፍ ማወቅ አቃተኝ።

ኩራ በማግስቱ ከሊበን ሜዳ በአይሱዙ ላይ ተጭነው መጡ። ድሮ ሰባ ከብት የነበራቸው ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ጉንጫቸው ውስጥ ሁልጊዜ ትንባሆ ያለች። በአገሩ ደንብ በልጃቸው ስም «አባ ገልገሎ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ባርሲሳ» ይሉኛል፣ መምህር ማለታቸው ነው።

«አካም፣ ባርሲሳ?»

«ናጋ፣ አባ ገልገሎ። ከብቱስ?»

«ከብትስ የለም፤ ስም አለ» አሉና ሳቁ። እንዴት እንደሚሳቅ አላውቅም፤ እሳቸው ግን ሳቁ።

ዲቦራ ክሩን አሳየቻቸውና ስለ ጭረቶቹ በኦሮምኛ ነገረቻቸው። እኔ ብልጥ ልሁን ብዬ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ነው» አልኩ። ኩራ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይደለም፣ ባርሲሳ። ኤላ ነው» አሉ። ኤላ የቦረና ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ ወንዶች ከታች እስከ ላይ በእርከን ቆመው እየዘፈኑ በባልዲ ውሃ ይቀባበላሉ። «አንድ ሰው ብቻውን ምን ያወጣል? አንድ ክንድ ከፍ ያደርገዋል፣ በቃ። ሁላችን በአንድ ዜማ ከሆንን ግን ከመሬት ሆድ ውሃ ይወጣል። አንዱ ዜማውን ከሳተ ባልዲው ይደፋል።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «በክሩ ውስጥ ዘፋኞች አስቀምጠሽ ብርሃን ታወጫለሽ። ዱጋ?»

«ዱጋ፣ አካኮ፤ እውነትዎ ነው» አለች፤ ደስታዋ ፊቷ ላይ ፈሰሰ።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በፊት ነፋስ ማንጸባረቂያውን ነቀነቀውና ልናስተካክል ሁለታችንም ወጣን። ኩራ ክፍሉ ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ። ስንመለስ ካርቶኑ ተነስቷል፤ ሽማግሌው እጃቸውን ከሳጥኑ በላይ ዘርግተው ዓይናቸውን ጨፍነው «ሮባፊ ናጋ፣ ሮባፊ ናጋ» እያሉ ቱፍ፣ ቱፍ ይላሉ። ዝናብና ሰላም እየተመኙላት ነው። የቦረና ሽማግሌ የሚወደውን ሲመርቅ በትንባሆው ምራቅ ነው የሚመርቀው፤ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለውም። የብረቱ ቱቦ ላይ ቡናማ ጠብታዎች ያብረቀርቃሉ።

ዲቦራ አልጮኸችም። በጥጥ ጠረገችው። «ካርቶኑን ለምን አነሱት?» አለች በቀስታ።

«ምርቃት በክዳን ላይ አያልፍማ» አሉ፤ እንደ ግልጽ ነገር።

ቱቦው የታሸገ ነው፣ ሙጫው ከያዘ ምንም አይደለም ብለን ተጽናናን። ግን ስምንት ሰዓት ላይ መስመሩ መውረድ ጀመረ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአራት አንዱ ጠፍቷል። ዲቦራ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጣ ታያለች፤ እኔ እሷን አያለሁ። ሙጫው አሳልፎታል፣ እርጥበቱ ፍርግርጓ ጋ ደርሷል፣ አለቀ። ሃያ ሜትር ክር፣ ሦስት ዓመት።

ድንገት ተነሳችና ወደ አያቷ ዞረች። «ሦስት ዓመት ትንፋሼን ይዤ የሠራሁት ላይ ተፉበት! እኔ እንዳልተነፍስበት ስጠነቀቅ እርስዎ ተፉበት!»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። «መረቅሁ እንጂ አልተፋሁም» አሉ ኩራ፤ ድምፃቸው እንደ ሕፃን ድምፅ ሆነብኝ። በትራቸውን አነሱ፣ ቡልኮአቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉ፣ ወጡ። እሷ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ለክሩ ይሁን ለአያቷ አላውቅም፤ እሷም የለየችው አይመስለኝም።

እኔ ከመስኮቱ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። ሰው ሲያለቅስ ማባበል አላውቅበትም፤ ስለዚህ መስመሩን ተመለከትኩ። የሚወርደው ቀስ ብሎ ነው። ሳይንገጫገጭ፣ ሳይዘል፣ ለስልሶ ይወርዳል። የተበላሸ ነገር እንዲህ በሥርዓት ይበላሻል እንዴ?

«ዲቦራ፣ ይህን ብርሃን የሚውጠው ምንድን ነው?»

«ውሃ ነው፣ ቲቸር፤ ነገርኩዎት እኮ» አለች ሳትነሳ።

«ውሃው ያለው ሳጥኑ ውስጥ ነው ወይስ መንገዱ ላይ?»

ቀና አለች። እንባዋ ጉንጯ ላይ እንደ ቆመ ከቦርሳዋ ትንሽ ማንጸባረቂያ አወጣች። መቶ ሃምሳ ሜትር በመላክ ፈንታ ከመስኮቱ በዚህ በኩል፣ ከመሣሪያው አንድ ክንድ ርቀት ላይ አቆመችው። ፍርግርጓ ከታመመች በአጭሩም መንገድ ብርሃኑ ደካማ ይሆናል። ሁለተኛው መቀበያ ባይሰበር ኖሮ ይህን ሁሉ ድሮ ባወቅነው።

መስመሩ ሽቅብ ዘለለ። ሙሉ ነበር፤ እንደ መጀመሪያው ቀን ሙሉ።

ሁለታችንም በመስኮቱ ወደ ሰማይ አየን። ጥርት ያለ ሰማያዊ፣ ቅንጣት ደመና የለበትም። ከእኛ እስከ ታንከሩ ያለው ባዶ ሜዳ ግን ብርሃኑን እየጠጣ ነበር። ከደቡብ፣ ከማናየው ቦታ፣ እርጥበት እየመጣ ነው። በነገሌ ከተማ ይህን የምናውቅ ሁለት ሰዎች ብቻ የሆንን መሰለኝ፤ ልቤ እንደ ልጅ ልብ መታ።

ዲቦራ ግን ወደ በሩ እየሮጠች ነበር። «ይጠብቁልኝ፣ ቲቸር!»

ኩራን ያገኘቻቸው ከከተማው መውጫ፣ መኪና በሚጠበቅበት ዛፍ ሥር ነው። በኋላ እንደ ነገረችኝ ተንበርክካ ሁለቱንም ነገር አንድ ላይ ተናዘዘች፤ የተናገረችውንም፣ ዝናቡ እንዲዘገይ የለመነችውንም። ሽማግሌው «ስለዚህ ዋቃን አንቺ በአንድ ጆሮ እኔ በሌላው ይዘነው ነበራ!» ብለው ሳቁ። «አምስት ቀን ለአንቺ ሰጠሽ። የቀረውን ለላሞቼ ይስጠኛ።» እሷም ጸጉሯን ገልጣ ጭንቅላቷን አቀረበች። «ይመርቁኝ። ክሩን ሳይሆን እኔን።» ከሽማግሌው ጋር ስትመለስ ግንባሯ ላይ የትንባሆ ነጠብጣብ ነበር፤ እስኪደርቅ አልጠረገችውም።

ዝናቡ መቅረቡን ስነግራቸው ኩራ አፍንጫቸውን ወደ ላይ አደረጉ። «ይህንንስ ከትናንት ጀምሮ አሽትቼዋለሁ» አሉ። ያን ጊዜ እንዴት እንደተናደድኩ እግዜር ያውቃል።

ስድስተኛው ቀን ቀትር ላይ ሰማዩ በደቡብ በኩል ጠቆረ። «ማንጸባረቂያው እንዳይወድቅ እናምጣውና ውስጥ እናድርገው» አለች ዲቦራ፤ በአጭሩም መንገድ ቢሆን መሣሪያው ሳያቋርጥ መሥራት አለበት። ኩራን ከመሣሪያው ጎን በርጩማ ላይ አስቀምጠን ወጣን። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ የመጀመሪያዋ ጠብታ አቧራው ላይ ወደቀችና ትንሽ ጉድጓድ ሠራች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ወረደ።

የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ? ከየቤቱ ሰው ወጣ። ሴቶች ባልዲና ድስት ይዘው፣ አሮጊቶች ነጠላቸውን ጥለው፣ ፖሊሶች፣ አስተማሪዎች፣ አንድ ቄስና አንድ ሼክ ጎን ለጎን፣ ፊታቸውን ሽቅብ አድርገው። የምድር ሽታ ተነሳ፤ ያን ሽታ ረስቼው ነበር። አፌን ከፍቼ ቆምኩ። ዲቦራ ማንጸባረቂያውን ደረቷ ላይ አቅፋ ዓይኗን ጨፍና ትስቃለች። ስንት ደቂቃ እንደዚያ እንደቆምን አላውቅም።

ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ቲቸር» አለች። «ጣራው።»

ያ ጣራ! እኔ ራሴ ስንት ክረምት ከሥሩ ባልዲ ደርድሬ ያስተማርኩበት ጣራ፣ ምስማር የበሳሳው። ሁለት ዓመት ተኩል ዝናብ ያላየ ሰው ጣራው እንደሚያፈስ ምን ያስታውሰዋል? እርጥበት ፈርተን ከጫማ ካርቶን ከረጢት እየለቀምን፣ ትንፋሽ እየያዝን፣ ምራቅ እየፈራን፣ ክሩን ከከተማው ቤቶች ሁሉ ይበልጥ በሚያፈሰው ክፍል ውስጥ ነበር ያኖርነው። ሙጫው ጠብታ ምራቅ ችሏል፤ የጣራ ፍሳሽ ግን አይችልም። ሮጥን። ጭቃው ጫማዬን አስቀረው፤ ትቼው ሮጥኩ።

ክፍሉ ውስጥ ያ የጠዋት የብርሃን ዘንግ በቆመበት ሁሉ አሁን ውሃ ቆሟል፤ ከጣራ እስከ ወለል ቀጫጭን የውሃ ክሮች። በመካከሉ ኩራ አሉ። ቡልኮአቸውን ከነእጥፉ ሳጥኑ ላይ ጥለዋል፤ በላዩ ላይ እጆቻቸውን ዘርግተው ጠረጴዛውን አቅፈው ጎንበስ ብለዋል። ውሃው በራሳቸው፣ በአንገታቸው፣ በጎበጠው ጀርባቸው ላይ ይወርዳል። ኮምፒዩተሩን በበርጩማው ሥር ሸጉጠውታል፤ መስመሩ አሁንም እየተሳለ ነበር።

«አካኮ!» ዲቦራ ከጎናቸው ገብታ እጇን ከእጃቸው ላይ ዘረጋች። «ለምን አልጠሩንም? ለምን አልወጡም?»

ሳይቃኑ፣ ውሃው ከቅንድባቸው እየተንጠባጠበ፣ አዩዋት። «ምርቃት ሲነካው እንዲያ የተቆጣሽለት ክር፣ ዝናብ ቢነካው ምን ልትይኝ ነው ብዬ ፈራሁ» አሉ።

እሷ ፊቷን እርጥብ ትከሻቸው ላይ ቀበረች። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ፤ ቁጡ ሰው ሲያለቅስ አያምርም።

ሸራ አምጥተን ሳጥኑን አዳንን። ማንጸባረቂያውን ውስጥ ተከልነው፤ መሣሪያው አላቋረጠም። ኩራን «አሁን ይውጡ፣ ዝናቡን ይዩት» ብንላቸው «ስንት ቀን ቀረሽ?» ብለው ጠየቋት። «አንድ» አለች። በርጩማቸውን ሸራው አጠገብ አስጠጉና ተቀመጡ። ሰባተኛው ቀን እስኪሞላ ከዚያ አልተነሱም።

ዶክተር ሚልኬሳ የሰባቱን ቀን መስመር ሲያይ፣ በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ያለችው ቁልቁለት ላይ ጣቱን አኑሮ ብዙ ቆየ አሉ። ሥራው ቀጠለ፤ አዲስ ክርም ተገዛ። ዲቦራ ዛሬም አዳማ ተቀምጣ ትንፋሿን ይዛ በክር ውስጥ ትጽፋለች። የኩራ ሦስት ላሞች ከዚያ ዝናብ ወዲህ ሁለት ጥጃ ወልደዋል።

የኔ ሐሳብ ግን ሁልጊዜ ወደዚያ ክፍል ይመለሳል። ከተማው በሙሉ ወጥቶ ፊቱን ለሰማይ በሰጠባት ሰዓት፣ ከሁላችን ይበልጥ ዝናቡን የናፈቁት ሽማግሌ ቤት ውስጥ ነበሩ። ሁለት ዓመት ተኩል የጠበቁትን ዝናብ የተቀበሉት በምስማር ቀዳዳ በኩል፣ በጀርባቸው ነው።